ሁለቱንም ምስክሮች የሰማ ሊቅ
የሉዊ ደ ብሮይ የሕይወት ታሪክ

ሁለት የታመኑ ምስክሮች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቃረን ቃል ሲሰጡ ዳኛው ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ አንዱን አምኖ ሌላውን ሐሰተኛ ያደርጋል። ይህ ለመፍረድ የቀለለ መንገድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ወደ እውነት አያደርስም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ የሉዊ ደ ብሮይ ታሪክ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱንም ሳያባርር፣ ሁለቱም እውነት ቢናገሩስ ብሎ በትዕግሥት የመረመረ ሰው ታሪክ ነው። የክርክሩ ጉዳይም በየዕለቱ የምናየው ብርሃንና በእጃችን የምንዳስሰው ግዙፍ ነገር ነበር።

ስሙን እንደ አጻጻፉ ደ ብሮግሊ እያሉ የሚያነቡት አሉ፤ የአገሩ ሰዎች ግን ደ ብሮይ ስለሚሉት እኛም እንዲሁ እንጠራዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደቱና ቤተሰቡ

ሉዊ ደ ብሮይ ኦገስት 15 ቀን 1892፣ የምዕራባውያን ሥርዓት የእመቤታችንን ፍልሰታ በሚያከብርበት ዕለት፣ በሰሜን ፈረንሳይ በባሕር ዳር በምትገኘው በዲየፕ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከኢጣልያ ከፒየሞንቴ ወደ ፈረንሳይ የመጣ ሲሆን፣ ለአገሪቱ የጦር ማርሻሎችን፣ አምባሳደሮችንና ሚኒስትሮችን ያፈራ ታላቅ ቤት ነበር። የቤቱ የበላይ በፈረንሳይ ሥርዓት ዱክ፣ ማለት መስፍን ይባላል። ክብሩ ግን ቤተሰቡን ከመከራ አልጠበቀውም፤ ከቀደሙት አባቶቹ አንዱ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በ1794 አንገቱን ተቀልቷል።

አያቱ አልቤር ደ ብሮይ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸውም በላይ በአራተኛው ምዕተ ዓመት ስለነበረችው ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሮማ መንግሥት ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። የአያቱ ወንድም አባ ፖል ደግሞ የባሕር ኃይል መኮንንነታቸውን ትተው ክህነት ተቀብለው በፓሪስ ካቶሊካዊ ተቋም አስተምረዋል። እንግዲህ ሕፃኑ ሉዊ ያደገው መጽሐፍ በሚነበብበትና ታሪክ በሚወሳበት ቤት ነው።

ሉዊ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሞሪስ በ17 ዓመት ይበልጠዋል። በ1906 አባታቸው ሲሞቱ የታናሽየውን አስተዳደግ በኃላፊነት የተረከበው ይኸው ሞሪስ ነው፤ እስከዚያ በቤት ውስጥ ሲማር የነበረውን ልጅ ወደ ታወቀ የፓሪስ ትምህርት ቤት የላከውም እርሱ ነበር። ሞሪስ ራሱ የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ከሠራ በኋላ ለሳይንስ ባደረበት ፍቅር አገልግሎቱን ትቶ፣ በፓሪስ በነበረው መኖሪያ ቤቱ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ የራጅ ጨረርን ይመረምር ነበር። የታናሹ ዕድል ከዚህ ቤት ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ወደ ፊት እናያለን።

ከታሪክ ወደ ፊዚክስ

ወጣቱ ሉዊ በመጀመሪያ የመረጠው የቤተሰቡን ልማድ ነበር። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክን ተምሮ በ1910፣ በ18 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። ነገር ግን ልቡ አላረፈም፤ ሕግም ለማጥናት ሞክሮ ሳይገፋበት ቀረ። ብዙ ወጣቶች እንደሚደርስባቸው ሁሉ፣ የሚችለውን ነገር ያውቃል፤ የሚወደውን ግን ገና አላገኘም ነበር።

በ1911 በብራስልስ ከተማ ሶልቬይ የተባሉ ባለሀብት በዘመኑ የታወቁትን የፊዚክስ ሊቃውንት በአንድ ጉባኤ ሰበሰቡ። ፕላንክ፣ አንስታይን፣ ሎሬንትስና ማዳም ኩሪ በዚያ ነበሩ። ሞሪስ የጉባኤው ጸሐፊ ከነበሩት አንዱ ስለሆነ የውይይቱ ቃለ ጉባኤ ከእጁ ገባ። ሉዊም ይህን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ወዲህ ታሪክን ተሰናብቶ ፊዚክስን ለማጥናት ወሰነ፤ በ1913ም በሳይንስ ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበለ።

ሁለቱ ምስክሮች

በዚያ ጉባኤ ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ነገር ምን ነበር? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል።

የመጀመሪያው ምስክር ብርሃን ሞገድ ነው ይላል። በረጋ ኩሬ ላይ ሁለት ድንጋይ ስንጥል ሁለት ክብ ሞገዶች ተነሥተው ይገናኛሉ፤ ከፍታ ከከፍታ ጋር በተገናኘበት ውኃው ይበልጥ ከፍ ይላል፣ ከፍታ ከዝቅታ ጋር በተገናኘበት ግን ይረጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ብርሃንም እንዲሁ እንደሚያደርግ አሳየ፤ በሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ያለፈ ብርሃን በግድግዳ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮችን እያፈራረቀ ይስላል። ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ የሚሆነው ሞገድ ቢሆን ነው። ስለዚህ የሞገድ ትምህርት ቀስ በቀስ በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

ሁለተኛው ምስክር የተነሣው ሳይጠበቅ ነው። በ1887 ጀርመናዊው ሄርትስ የራዲዮ ሞገድን ሲመረምር፣ ብርሃን በብረት ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ በቀላሉ እንደሚዘል አስተዋለ። ኋላ እንደ ታወቀው፣ ብርሃኑ ከብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን የተባሉትን ረቂቅ ቅንጣቶች ያስወጣል። ይህም የፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ተባለ። በ1902 ሌናርድ የተባለው ሊቅ እንግዳ ነገር ገለጠ። ብርሃኑን ይበልጥ ሲያደምቁት የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ እንጂ የእያንዳንዱ ጉልበት አይጨምርም። ጉልበታቸው የሚለወጠው የብርሃኑ ዓይነት ሲለወጥ ነው። ኋላም በጥንቃቄ ሲለካ፣ ከተወሰነ መጠን በታች የሚርገበገብ ብርሃን ምንም ያህል ቢደምቅ አንድም ኤሌክትሮን እንደማያስወጣ፣ ፈጥኖ የሚርገበገብ ብርሃን ግን ደካማ ቢሆንም እንኳ እንደሚያስወጣ ተረጋገጠ።

ይህን በምሳሌ እንየው። ከረጅም ዛፍ ላይ ፍሬ ለማውረድ አንድ ቁና ሙሉ ጤፍ ብንበትንበት ፍሬው አይወርድም፤ አንድ ደኅና ድንጋይ ግን ያወርደዋል። ቁም ነገሩ የተወረወረው ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ውርወራ ኃይል ነው። አንስታይን በ1905 ያለው ይህንኑ ነው፤ ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው እንደ ሞገድ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በተወሰነ መጠን ተቋጥሮ ነው፤ የእያንዳንዱ ቋጠሮ ጉልበትም በሚርገበገብበት ፍጥነት ይለካል። እነዚህ ቋጠሮዎች ኋላ ፎቶን ተብለዋል።

ብዙዎች ይህን አልተቀበሉም። አሜሪካዊው ሚሊካን አንስታይን ተሳስቷል ብሎ በማመን አሥር ዓመት ያህል በጥንቃቄ ለካ፤ በ1916 ያወጣው ውጤት ግን ከአንስታይን ቀመር ጋር ፍጹም የተስማማ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ሳይሸሽግ አሳተመው። አንስታይን የ1921 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በተለይ ስለዚህ ሥራው ነው። እንግዲህ ሁለቱም ምስክሮች በሙከራ የተፈተኑና የታመኑ ናቸው፤ አንዱ ሞገድ፣ ሌላው ቅንጣት ይላል።

በኤፍል ግንብ ሥር

ሉዊ ይህን እንቆቅልሽ ይዞ ሊቀመጥ ሲል የወታደር አገልግሎት ተጠራ፤ ወዲያውም የ1914ቱ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ክፍል ተመድቦ የጦርነቱን ዘመን የፈጸመው በፓሪስ በኤፍል ግንብ በነበረው ጣቢያ ነው። ከጦሩ የተሰናበተው በ1919 ሲሆን፣ አገልግሎቱ ስድስት ዓመት ያህል ወስዶበታል። ነገር ግን ጊዜው በከንቱ አላለፈም፤ ስለ ሞገድ ሲያነብ የነበረው ወጣት በየቀኑ ሞገድ እየላከና እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ሆኖ ነበር።

ከተመለሰ በኋላ ታላቅ ወንድሙ የቤተ ሙከራውን በር ከፈተለት። በዚያም ሞሪስና ባልደረቦቹ የራጅ ጨረር በአቶሞች ላይ ሲያርፍ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ይለኩ ነበር፤ ይኸውም የፎቶኤሌክትሪክ ክስተት በራጅ ጨረር ሲታይ ማለት ነው። ራጅ አንድ ጊዜ እንደ ሞገድ፣ አንድ ጊዜ እንደ ቅንጣት ሲሠራ በዓይናቸው ያዩ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለዚህ ነገር ሲወያዩ ሰዓቱ ሳይታወቃቸው ያልፍ ነበር። ታላቁ ሙከራ፣ ታናሹ ሒሳብ ይወድ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው የሚሞላ አልነበረም።

ጥያቄውን መገልበጥ

በ1923 ክረምት ላይ ሉዊ ጥያቄውን ገለበጠው። ሞገድ ነው ሲባል የኖረው ብርሃን የቅንጣት ጠባይ ከተገኘበት፣ ቅንጣት ነው ሲባል የኖረው ኤሌክትሮንስ የሞገድ ጠባይ ለምን አይኖረውም? ተፈጥሮ ለብርሃን የሰጠችውን ሁለት ጠባይ ለግዙፍ ነገር ለምን ትከለክላለች?

ይህ የምኞት ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሌላ እንቆቅልሽ ይደግፈው ነበር። ዴንማርካዊው ቦር በ1913 እንዳስተማረው፣ በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በፈለገው መንገድ አይዞርም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው በሙሉ ቁጥር በሚቆጠሩ መንገዶች ብቻ ይገኛል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ግን የሚያስረዳ አልነበረም። ሉዊ ግን ሙሉ ቁጥር የሚገኝበትን ሌላ ቦታ ያውቅ ነበር። የበገና አውታር በሁለት ጫፉ ታስሮ ሲመታ በማንኛውም ዓይነት አይርገበገብም፤ በመላው፣ በሁለት ተከፍሎ ወይም በሦስት ተከፍሎ ይርገበገባል እንጂ በሁለት ተኩል ሊከፈል አይችልም። ኤሌክትሮንም ከሞገድ ጋር የሚጓዝ ከሆነ፣ ሞገዱ ዞሮ ከራሱ ጋር የሚገጥመው በተወሰኑት መንገዶች ላይ ብቻ ነው። የቦር ሙሉ ቁጥሮች ምክንያት አገኙ።

በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 1923 ሦስት አጫጭር ጽሑፎችን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ቀመሩ አጭር ነው፤ የማንኛውም ተንቀሳቃሽ ነገር የሞገድ ርዝመት የሚገኘው ፕላንክ ያገኘውን ቋሚ ቁጥር ለነገሩ ግዝፈትና ፍጥነት ብዜት በማካፈል ነው። ታዲያ ስንራመድ ሞገዳችን ለምን አይታየንም? የፕላንክ ቁጥር እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ነው። የአንድ ኪሎ ድንጋይ ሞገድ ከአቶም ጋር እንኳ የማይነጻጸር ኢምንት ነው፤ ኤሌክትሮን ግን እጅግ ቀላል ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት የአቶምን ስፋት ያህላል።

በፈታኞች ፊት

ሉዊ ይህን ሐሳብ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ አድርጎ ኖቬምበር 25 ቀን 1924 በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ቀረበ። ዕድሜው 32 ነበር። የጀመረውን የታሪክ ሙያ ትቷል፤ ጦርነት ብዙ ዓመቱን ወስዶበታል፤ በእጁ ያለው አንድ ማንም በሙከራ ያላየው ሐሳብ ብቻ ነው። ፈታኞቹ ፔረን፣ ካርታን፣ ሞገንና ላንዥቨን በየሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። የወጣቱን ትጋትና የሒሳቡን ጥራት አመሰገኑ፤ የሞገዱን እውነተኛነት ግን እንዴት እንደሚፈርዱበት አላወቁም። ፔረን ይህ ሞገድ በሙከራ ሊታይ ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሉዊም አቶሞቹ እንደ ሠልፈኛ ወታደር በሥርዓት በተደረደሩበት ክሪስታል ላይ ኤሌክትሮኖች ቢላኩ፣ እንደ ሞገድ ሊበተኑ ይገባል ብሎ መለሰ።

እዚህ ላይ የላንዥቨንን ሥራ ሳናመሰግን አናልፍም። ያልተረዳውን ነገር አልናቀም፣ ያልተረጋገጠውንም እንዲሁ አላጸደቀም፤ የጽሑፉን ቅጂ ወደ በርሊን ለአንስታይን ላከ። አንስታይን በአድናቆት ተቀበለው፤ በ1925 ባሳተመው ጽሑፉም ጠቀሰው። ሽሮዲንገር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በዚሁ መንገድ ስለ ሥራው ሰምቶ አነበበውና፣ በ1926 ዛሬ የአቶም ፊዚክስና ኬሚስትሪ የቆሙበትን የሞገድ ቀመር አወጣ።

ሳይፈልጉት ያገኙት ማስረጃ

ማስረጃው የመጣው ከሩቅና ካልታሰበ ቦታ ነው። በኒው ዮርክ በሚገኘው የቤል ቴሌፎን ቤተ ሙከራ ዴቪሰንና ጀርመር የተባሉ ሁለት ሰዎች ኤሌክትሮኖችን በኒኬል ብረት ላይ እየላኩ እንዴት እንደሚመለሱ ይለኩ ነበር። ሞገድ አልፈለጉም፤ ደ ብሮይንም አላሰቡም። በ1925 የፈሳሽ አየር ዕቃ ፈንድቶ መሣሪያቸው ተሰበረ፣ የጋለው ኒኬልም አየር ነክቶት ዛገ። ዝገቱን ለማስለቀቅ ብረቱን ረጅም ጊዜ በብርቱ አጋሉት። በዚህ ጊዜ እነርሱ ሳያውቁ፣ በብረቱ ውስጥ የነበሩት ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተዋሕደው ጥቂት ትልልቅ ክሪስታሎች ሆኑ። ሥራውን ሲቀጥሉ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ቀድሞው አልተመለሱም፤ በአንዳንድ አቅጣጫ በዝተው፣ በሌላው አንሰው ታዩ።

በ1926 ክረምት ዴቪሰን ለዕረፍት እንግሊዝ አገር ሄዶ በኦክስፎርድ ጉባኤ ላይ ሲገኝ፣ የራሱ የቀድሞ ሙከራ ለኤሌክትሮን ሞገድ ምልክት ሆኖ ሲጠቀስ ሰማ። ተደንቆ ተመለሰ፤ አሁን ምን እንደሚፈልግ አውቆ ለካ። በ1927 በ54 ቮልት ግፊት የተላኩት ኤሌክትሮኖች በ50 ዲግሪ አቅጣጫ ጎልተው ታዩ። ከዚህ የተገኘው የሞገድ ርዝመት 1.65 አንግስትሮም ነበር፤ የደ ብሮይ ቀመር የሚሰጠው 1.67 ነው። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ክፍል መሆኑን ስናስብ፣ የሁለቱ መቀራረብ ያስደንቃል።

በዚያው ዓመት በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ጆርጅ ቶምሰን ኤሌክትሮኖችን በስስ ቅጠል በኩል አሳልፎ የሞገድ ቀለበቶችን በፎቶግራፍ አነሣ። የዚህ ሰው አባት ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን አስረድቶ በ1906 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ልጁ ደግሞ ኤሌክትሮን ሞገድ መሆኑን በማሳየቱ በ1937 ከዴቪሰን ጋር ተሸለመ። በአንድ ቤት አባትና ልጅ የሚቃረን የሚመስል ቃል መስክረው፣ ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ተገኙ። ደ ብሮይ ራሱ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ1929፣ በ37 ዓመቱ ነበር።

ዝምታውና መመለሱ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ ድላቸውን ብቻ መዘርዘር ይቀናናል። የሉዊ ሕይወት ግን የሽንፈት ምዕራፍም አለው። በኦክቶበር 1927 በሶልቬይ ጉባኤ ላይ፣ አሁን ራሱ ተናጋሪ ሆኖ ቀረበ። ሐሳቡ ቅንጣቱና ሞገዱ ሁለቱም በእውነት አብረው አሉ፤ ሞገዱ ቅንጣቱን እየመራ ይወስደዋል የሚል ነበር። ቦርና ባልንጀሮቹ ግን ሌላ መንገድ ይዘው ነበር፤ ፓውሊም በሰላ ነቀፌታ ተነሣበት። ሉዊ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት አልቻለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐሳቡን ትቶ የብዙዎቹን ትምህርት ተቀበለ፤ ይህንኑም ሃያ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስተምር ኖረ።

በ1952 ዴቪድ ቦም የተባለ ወጣት ሊቅ ያንኑ የተጣለ ሐሳብ በራሱ መንገድ አንሥቶ፣ ቀድሞ ለቀረቡት ነቀፌታዎች መልስ ሰጠ። ደ ብሮይ በዚያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነው፤ ስሙ የከበረ፣ ወንበሩ የጸና ሰው። ይሁን እንጂ ሲያስተምር የኖረውን እንደ ገና ለመመርመር አላፈረም፤ ወደ መጀመሪያው ሐሳቡ ተመልሶ እስከ እርጅናው ደከመበት። አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተከተሉትም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የቀመሩ ትክክለኛነት ግን ማንንም አያከራክርም።

የኋለኛው ዘመኑና ዕረፍቱ

እናቱ በ1928 ከሞቱ በኋላ የቤተሰቡ ትልቅ ቤት ተሸጦ፣ ሉዊ በፓሪስ አጠገብ በኔዪ በአነስተኛ ቤት ኖረ። ሚስት አላገባም። የመሳፍንት ልጅ ሲሆን አውቶሞቢል አልነበረውም፤ በእግሩ ወይም በምድር ውስጥ ባቡር ይሄድ ነበር። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1962 በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከ1942 እስከ 1975 የሳይንስ አካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። ሳይንስን ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ በመጻፉ በ1952 ዩኔስኮ የካሊንጋን ሽልማት ሰጠው። በ1949 የአውሮፓ አገሮች በጋራ የምርምር ተቋም እንዲያቋቁሙ ካሳሰቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ ዛሬ በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው ሴርን በ1954 ተመሠረተ።

በ1944 ለፈረንሳይ አካዳሚ ተመረጠ። በሚቀጥለው ዓመት በአካዳሚው ሥርዓት የአቀባበል ንግግር ያደረገለት አባል ያ አባት ሆኖ ያሳደገው ወንድሙ ሞሪስ ነበር። ሞሪስ በ1960 ሲሞት የዱክነቱ ማዕረግ ለሉዊ ተላለፈ። እርሱም ማርች 19 ቀን 1987፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ዕለት፣ በሉቭሲየን በ94 ዓመቱ ዐረፈ።

የሐሳቡ ፍሬ በሐኪም ቤትና በምርምር ተቋማት ይታያል። ተራው ማይክሮስኮፕ ከብርሃን ሞገድ ያነሰን ነገር ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። የኤሌክትሮን ሞገድ ግን እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ከ1931 ጀምሮ የተሠሩት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፖች ቀድሞ ታይተው የማያውቁትን ቫይረሶች ለዓይን አበቁ።

ከሕይወቱ የምንማረው

ውድ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ ይህን ታሪክ ያነሣነው ሁላችንም የፊዚክስ ሊቃውንት እንድንሆን አይደለም። ልጆች ጥያቄ ይዘው ይመጡብናል፤ አንዳንዱ ጥያቄ እኛ ከምናውቀው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ያን ጊዜ የምናደርገው ነገር ለልጁ ትልቅ ትርጉም አለው። ሞሪስ መንገዱን ገና ያላገኘውን ታናሹን በትዕግሥት ጠበቀ፣ የሥራ ቦታም ሰጠው። ላንዥቨን ያልተረዳውን ከመጣል ይልቅ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ። ሚሊካን የጠላውን ውጤት ሳይደብቅ ጻፈ። ሉዊም ተቃራኒ የሚመስሉትን ሁለት ቃሎች እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከመካከላችን ሁላችንም እንደ ሉዊ ልንሆን አንችልም፤ እንደ ሞሪስና እንደ ላንዥቨን ለመሆን ግን ለማናችንም አይከብድም። በየቁምስናችን አንድ ዝምተኛ ልጅ ጥያቄውን ይዞ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሆናል፤ ጥያቄውን እንስማለት።